ስለ ቢች ቦይስ ዜማ መለወጥ

በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ከሎስ አንጀለስ አጠገብ በምትገኘው በሀውቶርን ከተማ ያደጉት ብራያን፣ ዴኒስና ካርል ዊልሰን የተባሉት ሦስት ወንድማማቾች፣ የአክስታቸውን ልጅ ማይክ ላቭንና የብራያንን የትምህርት ቤት ጓደኛ አል ጃርዲንን ጨምረው በ1961 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የመሠረቱት ቢች ቦይስ የተሰኘው የሙዚቃ ጓድ፣ በመጀመሪያ ስሙን ያተረፈው በባሕር ማዕበል ላይ በሰሌዳ ቆመው ስለሚንሸራተቱ ወጣቶች፣ ስለ ፈጣን መኪናና ስለ ቆነጃጅት በሚዘፍናቸው የፍሥሐ ዘፈኖች ነበር። ከአምስቱ መካከል ማዕበሉን በእውነት የሚጋልበው ከበሮ መቺው ዴኒስ ብቻ ስለ ነበረ፣ የቀሩት አራቱ ያልሞከሩትን ሲያወድሱ ኖረዋል ማለት ነው።

በ1962 እና በ1963 ዓ.ም. የወጡት «ሰርፊን ሳፋሪ» እና «ሰርፊን ዩ ኤስ ኤ» የተባሉት አልበሞች በአጃቢነት የያዙት ጊታርና ከበሮ ብቻ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ የሁለተኛው አልበም ዋና ዘፈን ዜማም ከሮክ ዘፋኙ ከቸክ ቤሪ የተወሰደ ነበር። በዚያ ቀላል አጃቢ ላይ የተደረበው የድምፅ ስምምነት ግን ከቶ ቀላል አልነበረም። ብራያን፣ ቀኝ ጆሮው ከሞላ ጎደል የማይሰማ ሆኖ ሳለ፣ ፎር ፍሬሽመን የተባሉትን አራት ድምፃውያን ሸክላ እየደጋገመ በማዳመጥ የእያንዳንዱን ድምፅ መንገድ በፒያኖ ለይቶ እያወጣ ለወንድሞቹ ያስጠናቸው ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ማኅሌት ሊቃውንቱ ሁሉ አንዱን ዜማ በአንድነት ያነሡታል፤ በዚህኛው ሥርዓት ግን አንዱ ዋናውን ዜማ ሲይዝ ሌላው ከሥሩ፣ ሌላው ከበላዩ፣ ማይክ ላቭም በጎርናና ድምፁ ከሁሉ በታች የየራሳቸውን መንገድ ይዘው ይሄዳሉ፤ ወደ ጆሮ የሚደርሰው ግን አንድ ኅብር ነው።

በ1964 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር ጓዱ ወደ ሂውስተን ሲበር ብራያን በአውሮፕላኑ ውስጥ ጭንቀት በርትቶበት አለቀሰ። ከዚያም ወዲህ ሌሎቹ በየአገሩ እየዞሩ ሲዘፍኑ እርሱ በቤቱ ተቀምጦ ሊደርስና በስቱዲዮ ሊያቀነባብር ቆረጠ፤ በመድረክ ላይም በመጀመሪያ ግሌን ካምቤል፣ በኋላም ብሩስ ጆንስተን ተተኩለት። የጓዱን ታሪክ ለሁለት የከፈለው ይህ ውሳኔ ይመስለኛል፤ በሕዝብ ፊት መዝፈኑን የተወ ደራሲ፣ በመድረክ ላይ ሊጫወቱት ይቻል እንደ ሆነ ሳይጨነቅ የልቡን ይጽፋልና።

ብዙ ሰዎች ለውጡ የተጀመረው «ፔት ሳውንድስ» በተባለው አልበም ነው ይላሉ። እኔ ግን በ1965 ዓ.ም. በማርች ወር የወጣውን «ቱዴይ» የተባለውን ሸክላ ሁለተኛ ፊት አስቀድማለሁ። የመጀመሪያው ፊት የጭፈራ ዘፈን የሞላበት ሲሆን፣ ሸክላው ሲገለበጥ ዜማው ዝግ ይላል፤ ዘፋኙም ፍቅሩን የሚጠራጠር፣ በራሱ ላይ የሚፈርድ ሰው ሆኖ ይገኛል። ከዘፈኖቹም አንዱን፣ ውስጡ ስለሚያድር ስጋት የሚናገረውን፣ ለጓዱ ለስላሳ ድምፅ ሳይሆን ለዴኒስ ሻካራ ጉሮሮ መስጠቱ የብራያንን ማስተዋል ያሳያል። (በዚያ ሁሉ ትካዜ መጨረሻ ላይ ወዳጆቹ የሚያወሩትን ተራ ጨዋታ መለጠፉ ግን ምን አስቦ እንደ ሆነ አይገባኝም።)

በሜይ ወር 1966 ዓ.ም. «ፔት ሳውንድስ» ወጣ። ቢትልስ «ራበር ሶል» በተባለው አልበማቸው ያሳዩት አንድነት ቅንዓት ያሳደረበት ብራያን፣ ጓዱ በጃፓን ሲዞር ግጥሙን ከቶኒ አሸር ጋር እየጻፈ፣ ሀል ብሌንን በከበሮ፣ ካሮል ኬይን በቤዝ ጊታር ያካተቱትን የሎስ አንጀለስ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ሰብስቦ አጃቢውን አስቀረጸ፤ ወንድሞቹ ሲመለሱም የቀረላቸው ሥራ ድምፃቸውን መደረብ ነበር። በአራት መስመር ቴፕ የተቀረጸውን አጃቢ ወደ አንድ መስመር ካጠቃለለ በኋላ የቀሩትን መስመሮች ለድምፅ ያውላቸው ነበር። «ጋድ ኦንሊ ኖውስ» የተሰኘው ዘፈን በቀንድ መለከት ይከፈታል፤ የ19 ዓመቱ ካርል በየዋህ ድምፅ ይዘፍነዋል፤ በፍጻሜውም ድምፆቹ እየተከታተሉ አንዱ የሌላውን ቃል ይቀበላል። የመጨረሻው ዘፈን የሚጀምረው በባዶ የውኃ ገንቦ ላይ በሚመታ ድምፅ ሲሆን፣ የሚያበቃውም በባቡር ጩኸትና በብራያን ሁለት ውሾች ጩኸት ነው። ይህ ሁሉ ድካም በአሜሪካ 10ኛ፣ በእንግሊዝ አገር 2ኛ ደረጃ አስገኘ፤ አሳታሚው ካፒቶልም ገበያው ስላላረካው ሁለት ወር ሳይሞላ የቆዩትን ዘፈኖች ሰብስቦ በሌላ ሸክላ አወጣ።

በዚያው ዓመት የወጣው «ጉድ ቫይብሬሽንስ» የተባለው ዘፈን በአራት ስቱዲዮዎች በየክፍሉ ተቀርጾ፣ ቴፑ እየተቆረጠና እየተቀጠለ የተሠራ ነው፤ ቼሎው በፍጥነት ሲጋዝ፣ በላዩ የኤሌክትሪክ መሣሪያ እንደ ሰው ድምፅ ይንሳፈፋል። በዚህ ዘዴ ከግጥም ደራሲው ከቫን ዳይክ ፓርክስ ጋር የተጀመረው «ስማይል» የተባለው አልበም ግን በ1967 ዓ.ም. ተተወ፤ በምትኩ የወጣው «ስማይሊ ስማይል» በብራያን ቤት በጥቂት መሣሪያ የተቀረጸ፣ እጅግ የሳሳ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ «ዋይልድ ኸኒ» ወደ ጥቁር አሜሪካውያን የሶል ዘፈን አዘነበለ፤ «ፍሬንድስ» ጸጥ አለ፤ በ1970 ዓ.ም. የወጣው «ሰንፍላወር» ደግሞ ሁሉም አባላት በድርሰት የተካፈሉበት፣ በእኔ ግምት ከ«ፔት ሳውንድስ» ቀጥሎ የሚቆም ነው። «ስማይል»ን ብራያን ከሌሎች ሙዚቀኞች ጋር በ2004 ዓ.ም. ፈጸመው፤ የቀድሞው ቅጂም በ2011 ዓ.ም. ታተመ። እርሱም በ2025 ዓ.ም. በጁን ወር ዐረፈ።

ይህን ጓድ ገና የማያውቅ አንባቢ የማዕበሉን ዘፈኖች ትቶ ከ«ቱዴይ» ሁለተኛ ፊት እንዲጀምር እመክራለሁ፤ ወደ «ፔት ሳውንድስ» ሲደርስም ብራያን በአንድ ጆሮው ሰምቶ ያዘጋጀውን፣ ሞኖ የሚባለውን የአንድ መስመር ቅጂ ይፈልግ።