የማስታወቂያ ስክሪን፤ ኔትወርኩና የዋጋው ነገር

በሱቅ መስኮትና በገበያ አዳራሽ የሚሰቀለው የዲጂታል ማስታወቂያ ስክሪን ዛሬ ለነጋዴው እንግዳ ነገር አይደለም። ሆኖም ብዙ ገዢ የስክሪኑን ስፋትና የብርሃኑን ድምቀት መርምሮ ዋጋ ሲነጋገር፣ ማስታወቂያው ከጽሕፈት ቤቱ ተነሥቶ እስክሪኑ ዘንድ በምን መንገድ እንደሚደርስ ሳይጠይቅ ይገዛል።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ሥዕሉን ከዋናው ኮምፒዩተር ሳያቋርጡ በኔትወርክ ማስተላለፍ ነው። ሁለተኛው ፋይሉን አንድ ጊዜ ልኮ ከስክሪኑ ጋር በተያያዘው ማጫወቻ ውስጥ ማስቀመጥ ሲሆን፣ ማጫወቻው በተሰጠው የሰዓት መርሐ ግብር መሠረት ከራሱ ሜሞሪ እያወጣ ያሳያል። ለጽሕፈት ሥራ ባልደረቦቼ በሚገባ አነጋገር፣ የፊተኛው ስልክ እንዳነሡ መዋል ነው፤ የኋለኛው ደብዳቤ ልኮ በመዝገብ ማስቀመጥ ነው።

በሴኰንድ 8 ሜጋቢት የሚፈጅ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለ12 ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ ቢተላለፍ ከ43 ጊጋባይት በላይ ይወስዳል፤ ያውም ለአንድ ስክሪን። በዚያው ጥራት የተዘጋጁ ባለ 30 ሴኰንድ ዐሥር ማስታወቂያዎች ግን በጠቅላላ 300 ሜጋባይት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ሌሊት፣ መስመሩ ሥራ ሲቀንስ፣ አንድ ጊዜ ይላካሉ። ኢንተርኔቱ ቢቋረጥም ስክሪኑ አይጨልምም። ስለዚህ ቅርንጫፍ ላለው ነጋዴ የኋለኛው መንገድ እንደሚሻል የሚያከራክር አይመስለንም።

ነገር ግን ዋጋ እንደ ሌላው ማስታወቂያ አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ግብይት ከጀመረ በኋላ የአዲስ አበባውን ዋጋ በየክፍለ ሀገሩ የገበያ ቦታ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ማሳየቱ፣ አምራቹ ዋጋውን ዐውቆ እንዲደራደር ነበር። እንዲህ ያለ ሰሌዳ የትናንቱን ዋጋ የዛሬ አስመስሎ ቢያሳይ ባዶ ከመሆን የባሰ ጕዳት ያደርሳል። በሱቅም እንዲሁ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ተለውጦ አስመጪው ዋጋ ሲያሻሽል፣ መስመሩ በተቋረጠበት ቅርንጫፍ ያለው ስክሪን አሮጌውን ዋጋ ሲያሳይ ይውላል፤ ደንበኛውም ወደ ጽሑፉ እየጠቆመ ይከራከራል። ደንበኛው እውነት አለው።

በመሆኑም ዋጋ ያለበት ፋይል ሁሉ የሚያበቃበት ቀንና ሰዓት ተወስኖለት ሊላክ ይገባል። አዲስ ዋጋ በጊዜው ካልደረሰ ማጫወቻው የዕቃውን ሥዕል ብቻ ያሳያል።

እዚህ ላይ ሻጮች እምብዛም የማያነሡት ነገር አለ። አንዳንድ ርካሽ ማጫወቻዎች ባትሪ ያለው ሰዓት የላቸውም፤ ትክክለኛውን ጊዜ የሚያገኙት ከኔትወርኩ ነው። መብራትና ኢንተርኔት አብረው ጠፍተው መብራቱ ቀድሞ ሲመለስ፣ ማጫወቻው ቀኑን ስቶ ይነሣል፤ የተወሰነው ጊዜ ያላለፈ ይመስለውና ያረጀውን ዋጋ እንደ ገና ያወጣል። የባትሪው ሰዓት ዋጋ ከስክሪኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

የይለፍ ቃሉም ከፋብሪካ እንደ መጣ ከቀረ ባዕድ ሰው የፈለገውን ሊያሳይበት ስለሚችል፣ በተገዛበት ቀን ይለወጥ።

ገዢው ውል ከመፈረሙ በፊት በሻጩ ፊት የኔትወርኩን ገመድ ነቅሎ፣ መብራቱንም አጥፍቶ እንደ ገና ቢያበራ፣ ስክሪኑ የትኛውን ዋጋና የትኛውን ሰዓት እንደሚያሳይ በዓይኑ ያያል።