የጡረታ ገንዘብ ቤት ሲገዛ

አሜሪካ ለረጅም ዓመታት የሠራ ኢትዮጵያዊ የኪራይ ቤት መግዛት ሲያምረው መጀመሪያ የሚያየው የባንክ ቁጠባውን ነው። ለዳውን ፔይመንት አይበቃም ብሎ ሐሳቡን ይተወዋል። ከየደመወዙ እየተቆረጠ፣ አሠሪውም እየጨመረበት የተጠራቀመው ፎር ኦ ዋን ኬ የሚባለው የጡረታ ሒሳብ ባንክ ካለው ገንዘብ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ግን እጁ የማይደርስበት ገንዘብ አድርጎ ስለሚቆጥረው ከሐሳቡ ውስጥ አያስገባውም። ለዚህ ግምት ምክንያት አለው። በኢትዮጵያ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ፤ ገንዘቡ ወደ ጋራ ፈንድ ይገባል፤ ባለመብቱ ምን ላይ ይዋል ተብሎ አይጠየቅም። የአሜሪካው ሥርዓት የተለየ ነው። ሒሳቡ በስምዎ የተከፈተ ነው፤ ምን እንደሚገዛበትም በአብዛኛው የሚመርጡት እርስዎ ነዎት።

አይ አር ኤ የሚባለው የግል የጡረታ ሒሳብ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ሕግ ነው። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሒሳቡ ሊገዛቸው የማይችላቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ዋናዎቹ የሕይወት ኢንሹራንስና እንደ ሥዕል ወይም ጥንታዊ ዕቃ ያሉ ለስብስብ የሚያዙ ንብረቶች ናቸው። ቤትና መሬት ከተከለከሉት ውስጥ የሉም። የሚያውቋቸው ትልልቅ የኢንቨስትመንት ድርጅቶች አክሲዮንና ፈንድ ብቻ የሚሸጡልዎት ሕጉ ቤት ስለከለከለ ሳይሆን የቤት ጣጣ ውስጥ መግባት ስለማይፈልጉ ነው። ቤት የሚያስገዛው ሒሳብ ሰልፍ ዳይሬክትድ አይ አር ኤ ይባላል። ሒሳቡን የሚይዘው ከስቶዲያን የተባለ ፈቃድ ያለው ድርጅት ነው።

ገንዘቡን ወደዚያ ማዛወር ከባድ አይደለም፤ ትልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ግን አንድ ቦታ አለ። ከለቀቁት ሥራ የቀረውን ፎር ኦ ዋን ኬ ሲያዛውሩ ገንዘቡ በቀጥታ ከድርጅት ወደ ድርጅት ይሂድ። ቼኩ በእርስዎ ስም ከተጻፈ አሠሪው 20 በመቶውን ለታክስ ቆርጦ ያስቀራል፤ እርስዎ ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ሙሉውን፣ የተቆረጠውን ጭምር ከኪስዎ አሟልተው ካላስገቡ የጎደለው እንደ ገቢ ይታሰብብዎታል። አሁን በሚሠሩበት ቦታ ያለው ሒሳብ ግን 59 ዓመት ተኩል እስኪሞላዎት ድረስ በአብዛኛው አይንቀሳቀስም።

ከስቶዲያኑ የቤቱን ጥራት፣ የሻጩን ማንነት፣ የዋጋውን ተገቢነት አይመረምርም። ሥራው ወረቀት መያዝና ክፍያ መፈጸም ነው። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አጭበርባሪዎች እነዚህን ሒሳቦች እንደሚያነጣጥሩ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። «ከስቶዲያኑ አይቶታል» የሚል ደላላ ካጋጠመዎት ይራቁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙ ወገኖቻችን የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። በዚህ መንገድ የተገዛ ቤት የእርስዎ ቤት አይደለም፤ የሒሳቡ ቤት ነው። የባለቤትነት ወረቀቱ የሚጻፈው በከስቶዲያኑ ስም «ለእገሌ አይ አር ኤ ጥቅም» ተብሎ ነው። ኪራዩ ወደ ሒሳቡ ይገባል፤ ወጪው ሁሉ ከሒሳቡ ይወጣል። የቧንቧ ሠራተኛውን በራስዎ ካርድ መክፈል፣ ኪራዩን ለአንድ ወርም ቢሆን በራስዎ ባንክ ተቀብሎ ማቆየት አይፈቀድም።

ከዚያ የዘመድ ጉዳይ ይመጣል። ሕጉ ከቤቱ ጋር ምንም ዓይነት ግብይት ሊኖራቸው የማይገባ ሰዎችን ይዘረዝራል፤ እርስዎ፣ የትዳር ጓደኛዎ፣ ወላጆችዎና አያቶችዎ፣ ልጆችዎና የልጅ ልጆችዎ፣ የእነርሱም ባሎችና ሚስቶች። ስለዚህ እናትዎን ከአገር ቤት አምጥተው እዚያ ማስቀመጥ አይችሉም። ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅዎ ሙሉ ኪራይ እየከፈለም ቢሆን መኖር አይችልም። ከራስዎ ወይም ከአባትዎ ላይ ቤት ገዝቶ ወደ ሒሳቡ ማስገባትም ክልክል ነው። ወንድምና እህት፣ አጎትና አክስት በዝርዝሩ የሉም፤ ለእነርሱ ማከራየት በራሱ ጥፋት አይሆንም። ቢሆንም ውሉ በጽሑፍ፣ ዋጋውም የገበያው ይሁን። ለወንድም ቅናሽ ማድረግ ባህላችን ነው፤ እዚህ ግን የሚቀንሱት ከራስዎ ሳይሆን ከጡረታ ሒሳቡ ገቢ ስለሆነ ለጥያቄ በር ይከፍታል።

ጉልበትም አይፈቀድም። ቅዳሜና እሑድ ቀለም መቀባት፣ ጣሪያ መጠገን፣ ሣር ማጨድ አብዛኛው አበሻ አከራይ ወጪ የሚቆጥብባቸው ሥራዎች ናቸው። ለዚህ ቤት ግን ሥራውን የውጭ ሰው ይሥራው፤ ክፍያውን ሒሳቡ ይክፈል። አዲስ አበባ ውስጥ አፓርትመንት በአይ አር ኤ እንግዛ የሚሉም አሉ። ሕጉ ከአሜሪካ ውጭ ያለን ንብረት በደፈናው አይከለክልም። ነገር ግን ለፋሲካ ሄደው አንድ ሌሊት ቢያድሩበት፣ ወይም ቁልፉን ለእናትዎ ቢሰጡ፣ ክልከላውን ጥሰዋል። ለቤተሰብ ብለው የሚገዙት ቤት ከሆነ በዚህ ገንዘብ አይግዙት።

ቅጣቱ ቀላል አይደለም። የተከለከለ ግብይት ከተፈጸመ ሒሳቡ ከዚያ ዓመት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ የጡረታ ሒሳብ መሆኑ ያበቃል። በውስጡ ያለው ሁሉ በዚያ ቀን እንደወጣ ተቆጥሮ እንደ መደበኛ ገቢ ታክስ ይከፈልበታል፤ 59 ዓመት ተኩል ካልሞላዎት 10 በመቶ ይጨመርበታል። 200,000 ዶላር ላለበት ሒሳብ ጭማሪው ብቻ 20,000 ዶላር ነው። ስህተቱ ሳይታወቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ሁለት ሰዎች በአይ አር ኤያቸው በኩል ኩባንያ አቋቁመው ንግድ ገዙ፤ በ2001 ለተወሰደው ብድርም በግላቸው ዋስ ሆኑ። ንግዱ በትርፍ ከተሸጠ በኋላ የታክስ ፍርድ ቤት በ2013 ያ ዋስትና የተከለከለ ግብይት ነው ብሎ ወሰነ፤ ከታክስ ነፃ የመሰላቸው ትርፍ ታክስ ተጠየቀበት።

ይህ ፍርድ በቀጥታ ወደ ሞርጌጅ ይወስደናል። ተራ ሞርጌጅ እርስዎ በግል ፈርመው የሚጠየቁበት ብድር ስለሆነ እዚህ አይሠራም። የሚፈቀደው ኖን ሪኮርስ የሚባለው ነው፤ ክፍያው ከቆመ አበዳሪው ቤቱን ብቻ ይወስዳል፣ ወደ እርስዎ አይመጣም። አበዳሪዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ከዋጋው 35 ወይም 40 በመቶ ቅድመ ክፍያ ይፈልጋሉ። በዚያ ላይ በብድር ከተገዛው ድርሻ የሚገኘው ትርፍ ሒሳቡ ውስጥ እያለም በየዓመቱ ታክስ ይከፈልበታል። የታክሱ መጠን ትረስት ለሚባሉ የአደራ ንብረቶች በወጣው መደብ ስለሚሰላ በትንሽ ገቢ ወደ 37 በመቶ ይወጣል። የራሱ ሥራ ያለው ሰው፣ ለምሳሌ ከትዳር ጓደኛው በቀር የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ የሌለው የከባድ መኪና ሹፌር ወይም በቤቷ ሕፃናት የምትይዝ እናት፣ ሶሎ ፎር ኦ ዋን ኬ መክፈት ይችላል። ያ ሒሳብ ለቤት መግዣ በተወሰደ ብድር ከዚህ ታክስ በአብዛኛው ነፃ ነው። ብድር ለመጠቀም የሚያስቡ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ይመርምሩ።

በጥሬ ገንዘብ መግዛቱን በቁጥር እንየው። ሒሳብዎ ውስጥ 220,000 ዶላር አለ እንበል። ቤቱን በ180,000 ገዙ፣ የመዝጊያ ወጪው 5,000 ሆነ፣ ሒሳቡ ውስጥ 35,000 ቀረ። ኪራዩ በወር 1,500፣ በዓመት 18,000 ነው። ከዚህ ላይ የንብረት ታክስ፣ ኢንሹራንስ፣ የአስተዳዳሪ ክፍያ፣ ጥገናና ቤቱ ባዶ የሚቆይበት ጊዜ 7,500 ቢወስዱ 10,500 ይተርፋል፤ ካወጡት 185,000 አንጻር 5.7 በመቶ ገደማ ነው። ቤቱ ዋጋ ቢጨምር ያ ተጨማሪ ነው። አሁን ደግሞ 215,000 የሚያወጣ ቤት መርጠው ገንዘቡን በሙሉ ጨረሱ እንበል። ጣሪያው ፈስሶ 14,000 ዶላር ሲጠየቅ ከኪስ መክፈል አይቻልም። በ2025 ወደ አይ አር ኤ ማስገባት የሚፈቀደው ቢበዛ 7,000፣ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ 8,000 ዶላር ነበር፤ አይበቃም። በዚህ ምክንያት ገንዘቡን በሙሉ ቤት ላይ ማዋልን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ሻጮች የማይነግሩዎት ሌላ ኪሳራም አለ። በራስዎ ስም ያለ የኪራይ ቤት የሕንፃው ዋጋ በ27 ዓመት ተኩል ተከፋፍሎ በየዓመቱ ከኪራይ ገቢዎ ላይ ይቀነስልዎታል፤ ሲሸጡም ትርፉ ባብዛኛው ዝቅ ባለው የካፒታል ታክስ ይሰላል። በተለመደው አይ አር ኤ ውስጥ ግን ሁለቱም የሉም፤ ገንዘቡ ሲወጣ ሁሉም እንደ ደመወዝ ታክስ ይከፈልበታል። ዕድሜዎ 73 (በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ ከተወለዱ 75) ሲደርስ ደግሞ በየዓመቱ የተወሰነ መጠን የግድ መውጣት አለበት፤ ከቤት ላይ ደግሞ አንድ ክፍል ቆርጦ ማውጣት አይቻልም። ታክስ አስቀድሞ የተከፈለበት ገንዘብ የሚገባበት ሮዝ አይ አር ኤ ያለው ሰው ከእነዚህ ችግሮች በአብዛኛው ይድናል።

ታዲያ ይህ መንገድ ለማን ነው? በእኔ ግምት ከድሮ ሥራ የቀረ ጠቀም ያለ ሒሳብ ላለው፣ በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ በቂ መጠባበቂያ ለሚተርፈው፣ ቤቱን እጁ ሳይነካው በአስተዳዳሪ ለሚያሠራ ሰው ነው። የመጀመሪያ ቤቱን ለሚገዛ ቤተሰብ የተሻለ በር አለ። ብዙ ድርጅቶች ከፎር ኦ ዋን ኬ ላይ ብድር ይፈቅዳሉ፤ መጠኑ ካለዎት ግማሽ ወይም 50,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። በመደበኛ ሁኔታ በአምስት ዓመት ይመለሳል፤ ሥራ ከለቀቁ ግን ጊዜው በጣም ያጥራል። በዚህ ገንዘብና በመንግሥት ዋስትና በሚሰጠው ኤፍ ኤች ኤ ብድር፣ የክሬዲት ነጥብዎ 580 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በ3.5 በመቶ ቅድመ ክፍያ፣ እስከ አራት መኖሪያ ቤቶች ያሉት ሕንፃ ገዝተው በአንዱ መኖር፣ ሌሎቹን ማከራየት ይቻላል። ያ ቤት የራስዎ ነው። እናትዎ ይገቡበታል፤ ቀለሙንም ራስዎ ይቀቡታል።

ከሁሉ በፊት ግን ምን ያህል እንዳለዎት ይወቁ። ከሥራ ወደ ሥራ ስንዘዋወር ከኋላችን የተውነው የጡረታ ገንዘብ ብዙ ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2024 መጨረሻ የተረሱ የጡረታ ሒሳቦችን በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መፈለጊያ የመረጃ ቋት ከፍቷል። አገልግሎቱ በነፃ ነው። ቤት መፈለግ ከመጀመርዎ በፊት እዚያ ገብተው የራስዎን ይፈልጉ፤ የትዳር ጓደኛዎም እንዲሁ ያድርጉ፤ ያገኙትን ይዘው የታክስ ባለሙያ ያማክሩ።