ሰብል ሲጠማ ቀድሞ የሚያየው ካሜራ

በእህል በረንዳ ስለ መኸሩ የሚነገረው ወሬ የሚመጣው ከገጠር ከሚደወል ስልክና ከጭነት መኪና ሾፌሮች አፍ ነው። «ማሽላው ጠወለገ» ተብሎ ዋጋ መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን ሰብሉ ውኃ ከተጠማ ሰንብቷል። መጠውለግ ዘግይቶ የሚታይ ምልክት ነውና። በመሀል ያለፉትን ቀናት የሚያነብ መሣሪያ መኖሩ ለነጋዴው ቀላል ነገር አይደለም።

ጉዳዩ የሚጀምረው ከቅጠሉ ነው። ሰው በላብ እንደሚቀዘቅዝ ሁሉ ቅጠልም በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎቹ ውኃ እያተነነ ራሱን ያቀዘቅዛል። አፈሩ ሲደርቅ ተክሉ ውኃ ለመቆጠብ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ ማቀዝቀዣው ስለሚቆምም ቅጠሉ ይሞቃል። ይሁንና እነዚሁ ቀዳዳዎች ምግቡን የሚሠራበት አየር የሚገባባቸው በሮች ናቸው። ወጪ ለመቀነስ ሲል የዘጋ ሰብል ገቢውንም አብሮ ዘግቷል፤ ምርቱ መቀነስ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማሳው በዚህ ጊዜ ለገበሬው ዓይን ገና አረንጓዴ ነው። ሙቀት የሚለካ ካሜራ ግን ልዩነቱን ያያል። በአሪዞና ፊኒክስ ይሠሩ የነበሩት ኢድሶና ጃክሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 የቅጠልን ሙቀት ከአየሩ ሙቀትና ድርቀት ጋር አነጻጽረው የሰብልን ጥም በቁጥር የሚገልጽ መለኪያ አውጥተዋል። መቀመጫውን በሜክሲኮ ያደረገው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከልም ድርቅ የሚቋቋም ስንዴ ሲመርጥ ይህንኑ የቅጠል ቅዝቃዜ ይመለከታል።

ሙቀቱ የቀናት ዜና ከሆነ ቀለሙ የሳምንታት ዜና ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ውጦ፣ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ መልሶ ያንጸባርቃል። ሳተላይቱ የሁለቱን ልዩነት ለድምራቸው በማካፈል «ኤንዲቪአይ» የተባለ ቁጥር ይሰጣል። ባዶ መሬት ወደ 0.1 ሲጠጋ፣ ጥቅጥቅ ያለ ሰብል ከ0.6 ያልፋል። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ አሜሪካ ያቋቋመችው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ከተመረኮዘባቸው መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ቁጥር ነበር። የዚያን ጊዜው ምስል አንዷ ነጥብ 8 ኪሎ ሜትር በ8 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 6,400 ሄክታር ትሸፍን ነበር። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጠቁት የአውሮፓ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ግን አንዱን ሄክታር በ100 ነጥቦች ከፍለው ያነባሉ፤ ምስሉም በነፃ ይገኛል።

ቀድሞ ማየት ምን ማለት እንደሆነ በዚያው በ2015 የኤልኒኖ ድርቅ ታይቷል። በአፋርና በሶማሌ ሲቲ ዞን አረንጓዴነቱ ከመደበኛው በታች መውረዱ በክረምቱ ምስሎች ላይ ይታይ ነበር። የዕርዳታ ፈላጊው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን መሆኑ ይፋ የሆነው ግን በዲሴምበር ነው። ቁጥሩ በቀጥታ ወደ ገንዘብ የተመነዘረበትም አጋጣሚ አለ። በቦረና እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የከብት መድን ካሳ የሚከፍለው የሞተውን ከብት ቆጥሮ ሳይሆን ይህን የአረንጓዴነት ቁጥር አይቶ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ምስሉ ኩንታል አይቆጥርም። ለሳተላይቱ አረምም ጤፍም አረንጓዴ ነው። በአበባ ወቅት ዝናብ የቀረበት ማሽላ ቅጠሉ እንዳማረ ፍሬ ሊያጣ ይችላል። ምስሉ በጣም በሚፈለግበት በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ማሳውን ይሸፍነዋል። መጋዘን ውስጥ ያለውን የከረመ እህል፣ የነዳጁን ዋጋና ወደቡ ላይ የደረሰውን ስንዴ ደግሞ ጨርሶ አያየውም።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስተው ያለቦታው ማነጻጸር ነው። ከዝናብ በኋላ አገሩ ሁሉ ስለሚለመልም ያለፈውን ሳምንት ምስል አስተያይቶ «መኸሩ ጥሩ ነው» ማለት አይቻልም፤ የሚታየው ያለፉት ዓመታት ተመሳሳይ አሥር ቀናት ነው። ይህን ማንበብ የቻለ ገዢ ዋጋው ከመውጣቱ በፊት ገጠር ይገባል፤ የጎረቤት ወረዳ ሰብል መጎዳቱን ያልሰማ ገበሬም በትናንቱ ዋጋ ይሸጥለታል። ምስሉ ለሁሉም ነፃ ነው ቢባልም ኢንተርኔቱና ማንበቢያው ያለው ግን ከተማ ነው።