ስዊች ሲገዙ ዋጋውን ብቻ አይጠይቁ

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ካሉት ህንፃዎች በአንዱ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ የሂሳብ አዋቂዎች ቢሮ አለ እንበል። አሥር ኮምፒዩተር፣ ጥቂት ካሜራዎችና የእንግዶች ዋይፋይ አንድ ተራ ስዊች ላይ ተሰክተዋል። የግብር ወቅት ነው። ጠረጴዛ ሲዘዋወር አንዱ ሠራተኛ መሬት ላይ የወደቀ የኬብል ጫፍ ያገኝና ሌላኛው ጫፍ የት እንዳለ ሳያጣራ ስዊቹ ላይ ይሰካዋል። ለካ ሌላኛው ጫፍም እዚያው ስዊች ላይ ነበር! መረጃው እየዞረ ይባዛል፤ በሰከንዶች ውስጥ ኔትወርኩ ቀጥ ይላል። ቢሮው ኢንተርኔት ጠፋ ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም ይደውላል፤ መስመሩ ግን ደህና ነው።

ማኔጅድ የሚባለው ስዊች ተራውን የሚያስንቀው አንዱ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ራዲያ ፐርልማን የተባለች አሜሪካዊት የፈጠረችው "ስፓኒንግ ትሪ" የተሰኘ ዘዴ እንዲህ ያለውን ዙር አይቶ ትርፍ የሆነውን ፖርት ይዘጋል።

ሁለተኛው ጥቅም መለያየት ነው። ተራ ስዊች ላይ እንግዳው በስልኩ የገባበት ዋይፋይና የደንበኞች ሂሳብ ያለበት ኮምፒዩተር አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። በማኔጅድ ስዊች ግን አንዱን ዕቃ "ቪላን" በሚባለው አሠራር እንደ ሦስት የተለያየ ኔትወርክ ማሠራት ይቻላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛን መረጃ ሜዳ ላይ መተው ሕግም የሚያስጠይቅ ጉዳይ ሆኗል። ሻጮች ብዙ ጊዜ የማያነሱት ነገር ግን አለ፤ ራውተሩ ቪላን የማያውቅ ከሆነ ወይም በክፍሎቹ መካከል ማንም እንዲያልፍ ከፈቀደ ስዊቹ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም። ስለዚህ አስቀድመው ራውተርዎን ያስፈትሹ።

ለካሜራ በኬብሉ ኤሌክትሪክ የሚልክ ስዊች ከፈለጉ የፖርቱን ቁጥር ሳይሆን ጠቅላላ ዋቱን ይዩ። በ802.3ኤኤፍ ደረጃ ስዊቹ ለአንድ ፖርት የሚመድበው እስከ 15.4 ዋት ነው። ስምንት ፖርት ያለው ስዊች በድምሩ 60 ዋት ብቻ ከሆነ ሙሉውን የሚወስዱ ካሜራዎች ከሦስት በላይ አይችልም።

ያገለገለ ባለ 48 ፖርት ስዊች በርካሽ አግኝቶ የማይጎመጅ የለም። ነገር ግን የእነዚህ ማራገቢያ አንድ ክፍል ቢሮ ውስጥ ስልክ አያስነጋግርም፤ መብራት ሲጠፋም ዩፒኤሱን ቶሎ ይጨርሱታል። ከሁሉ በላይ አምራቹ የሶፍትዌር ማሻሻያ ማውጣቱን አቁሞ እንደሆነ ሞዴሉን ይዘው ኢንተርኔት ላይ ያጣሩ።

የሚያስተዳድረው ሰው ከሌለዎትስ? እንግዲያው ውዱን ትተው "ስማርት" የሚባለውን መካከለኛ ዓይነት ይውሰዱ። ቪላን አለው፤ በብራውዘር ስለሚስተካከል አንድ ባለሙያ ግማሽ ቀን ቢሠራበት ይበቃል። ባለሙያው ከመሄዱ በፊት የፋብሪካውን ፓስወርድ ይቀይር፣ የቅንብሩን ቅጂም ያስረክብዎት። ሊገዙ ሲሄዱ ደግሞ አንድ ኬብል ኪስዎ ይክተቱ። ዙር መከላከያውን ሻጩ እንዲያበራ አድርገው ሁለቱንም ጫፎች እዚያው ይሰኩና ስዊቹ አንዱን ፖርት መዝጋቱን በዓይንዎ አይተው ይክፈሉ።