«ዓይኑን አበላሹት» ከማለታችን በፊት

ተረት፦ ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ብዥ ያለ ዓይን ሐኪም ያበላሸው ዓይን ነው።

እውነታ፦ ይህ ወሬ ከአዴት ገበያ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ገጠር ይዞራል፤ ጉዳቱም ድርብ ነው። የታከመው ሰው ተስፋ ቆርጦ መነጽር ሳይለካ ይቀራል፤ ጎረቤቱም «እንደሱ ከምሆንስ» ብሎ ሊድን የሚችል ዓይኑን ይዞ ቤት ይውላል። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን የሚያመጣው የዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል። እንዲህ ባለ አገር ሳያጣሩ «ዓይኑን አበላሹት» እያሉ ማውራት ሰውን ጨለማ ውስጥ ማስቀረት ነው።

ወሬው ግን ከመሬት አልተነሳም። የቀዶ ሕክምናው ቅድ በእርግጥ እይታን ይለውጣል። ሞራ የያዘው ሌንስ የሚወጣው በነጩ የዓይን ክፍልና ከፊት ባለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ በኮርኒያ፣ መገናኛ አካባቢ በሚከፈት ቅድ ነው። በዘመቻ ሕክምና በተለመደው ያለ ስፌት በሚሠራ ዘዴ ቅዱ ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ በማሽን ሲሠራ ብዙ ጊዜ 3 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ኮርኒያው ቅዱ ባረፈበት አቅጣጫ ይላላል፣ ጉብጠቱም ይቀንሳል። እንደ እንቁላል ሞላላ ሲሆን ብርሃኑ አንድ ነጥብ ላይ አያርፍም። አስቲግማቲዝም የሚባለው ይኸው ነው።

የቅዱ ቦታም ለውጥ ያመጣል። ከላይ ያለውን ቅድ የዐይን ቆብ ይሸፍንለታል፤ ይሁንና በብዙ አረጋውያን ከላይ ወደ ታች ያለው ጉብጠት በዕድሜ ስለሚላላ ይህ ቅድ ያባብሰዋል። በጆሮ በኩል የሚከፈተው ከኮርኒያው መሃል ስለሚርቅ አብዛኛውን ጊዜ ለውጡ ያንሳል። ከላይ ወደ ታች ያለው ጉብጠቱ የበረታ ዓይን ግን በላዩ ቅድ ይጠቀማል። ለሁሉም የሚሆን አንድ ቦታ የለም፤ ዓይኑ እንዴት እንደሚድንም ሐኪሙ አስቀድሞ በልኩ ሊናገር አይችልም።

ከአስቲግማቲዝም የሚተርፈውን ብዥታ ግን አብዛኛውን ጊዜ መነጽር ያስተካክለዋል። ቁስሉ ጸንቶ ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው መለካት ነው። ይህን ሳይነግር ታካሚ የሚያሰናብት ባለሙያም ለወሬው ማገዶ ያቀብላል። ሕመም፣ እየባሰ የሚሄድ መቅላት ወይም ድንገተኛ የእይታ መቀነስ ከመጣ ግን በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ተረት፦ ሞራው ሳይበስል አይነካም።

እውነታ፦ ይህ ሌንሱ ወጥቶ ወፍራም መነጽር ብቻ ይሰጥ በነበረበት ዘመን የሚሰጥ ምክር ነበር። ዛሬ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። የበሰለ ሞራ ይጠነክራል፤ ሰፋ ያለ ቅድም ሊፈልግ ይችላል፤ ቅዱ ሲሰፋ አስቲግማቲዝሙ ይጨምራል። ከልክ በላይ ከቆየ የዓይን ግፊት አስነሥቶ ነርቩን ሊጎዳም ይችላል።

ተረት፦ ሞራው ተመልሶ ይበቅላል።

እውነታ፦ አይበቅልም። አዲሱን ሌንስ የያዘው ስስ ከረጢት ግን ሊደበዝዝ ይችላል፤ ያንን በሌዘር መክፈት ይቻላል።

እናም አባታችሁ ወይም እናታችሁ ታክመው ሲመለሱ «ታየዎት ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። «ለመነጽር መቼ ተመለሱ አሉዎት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀኑ ሲደርስም ይዛችኋቸው ሂዱ።