ሳይነሣ የሚፈተን ሮኬት

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 2021 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ስቴኒስ በተባለው የናሳ ማዕከል አራት የሮኬት ሞተሮች አንድ ላይ ተቀጣጠሉ። የትም ሊሄዱ ግን አልነበረም። ወደ ጨረቃ ለሚደረገው የአርጤምስ ጉዞ የተሠራው የኤስ ኤል ኤስ ሮኬት ዋና እርከን፣ 65 ሜትር ቁመቱን ይዞ፣ ቢ-2 በሚባለው የሙከራ ማማ ላይ ተጠፍሮ ቆሟል። ስምንት ደቂቃ ያህል እንዲነዱ ታስቦ 67ኛው ሰከንድ ላይ ኮምፒውተሩ አጠፋቸው። ነገሩን እንደ ውድቀት የቆጠሩት ብዙ ነበሩ። እኔ ግን የዚያን ቀን ሥራ ከስኬት እቆጥረዋለሁ። የትልቅ እርከን ከባዱ ፈተና ክፍሎቹን አንድ በአንድ ማምረት አይደለም፤ ክፍሎቹ ተገጣጥመው አንድ አካል ሲሆኑ የሚያወጡትን አዲስ ጠባይ ሰው ከመሳፈሩ በፊት ማወቅ ነው። ይህን ጠባይ ደግሞ ሙሉው እርከን ታስሮ ሲነድ እንጂ በወረቀት ስሌት ብቻ አያዩትም።

ማምረቱ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። እርከኑ የተሠራው በኒው ኦርሊየንስ በሚገኘው የሚሹድ ፋብሪካ ነው፤ በ1960ዎቹ የሳተርን 5 የመጀመሪያ እርከን የተገጣጠመውም እዚያው ነበር። ወርዱ 8.4 ሜትር ሲሆን በውስጡ ሁለት ታንከሮች አሉ፤ አንደኛው ሁለት ሚሊዮን ሊትር ያህል ፈሳሽ ሃይድሮጅን፣ ሌላኛው ከ740 ሺህ ሊትር በላይ ፈሳሽ ኦክስጅን ይይዛል። የታንከሮቹ አሉሚኒየም የሚበየደው በእሳት ሳይሆን በሰበቃ ነው። የሚሽከረከር ፒን በሁለት ጠርዞች መጋጠሚያ ላይ ተጭኖ ይገባል፤ በሰበቃው ሙቀት አሉሚኒየሙ ሳይቀልጥ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፤ ፒኑ እያማሰለው ሲያልፍ ከኋላው ሁለቱ ጠርዞች አንድ ሆነው ይቀራሉ። ዘዴው ንጹሕና ጠንካራ መጋጠሚያ ይሰጣል፤ ትንሽ ለውጥን ግን አይታገስም። ለመጀመሪያው በረራ በታሰበው የሃይድሮጅን ታንከር ላይ የፒኑ ንድፍ በመቀየሩ ብየዳው ከሚፈለገው በታች ደካማ ሆኖ ተገኘና ያ ግዙፍ ታንከር ወደ ጎን ተደርጎ ሌላ ተሠራ። የአንዲት ፒን ቅርጽ ያን ያህል ግዙፍ ዕቃ ከሥራ ውጭ ማድረጓ የዚህን ሙያ ጭንቀት በደንብ ያሳያል።

ክፍሎች ለየብቻም ይፈተናሉ። በዲሴምበር 2019 በአላባማ፣ ሀንትስቪል፣ ለሙከራ ብቻ የተሠራ የሃይድሮጅን ታንከር በግዙፍ ፒስተኖች ተጨምቆ እስኪሰበር ድረስ ተገፋ፤ በበረራ ከሚጠበቀው ጫና ከ260 በመቶ በላይ ለአምስት ሰዓታት ከተሸከመ በኋላ ነው የተቀደደው። እንዲህ ያለው ሙከራ የአንድን ታንከር አቅም በእርግጠኝነት ይነግረናል። ነገር ግን ታንከሩ በረራ ላይ ብቻውን አይሆንም። ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ የሆነው ሃይድሮጅን ሲሞላበት በቁመቱ 15 ሴንቲሜትር ገደማ ይኮማተራል፤ ከጎኑ የተያያዙት ቧንቧዎች፣ ሽቦዎችና ማቀፊያዎች ሁሉ ይህን መኮማተር አብረው መሸከም አለባቸው። ከታች ሞተሮቹ ሲነዱ ደግሞ ንዝረቱ በዚያው በተኮማተረ አካል ውስጥ ሽቅብ ይጓዛል። ብርዱና ንዝረቱ ሲገናኙ የሚሆነውን በሀንትስቪል የተጨመቀው ታንከር ሊመልስ አይችልም።

ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ መብረር ምን እንደሚያስከትል የሶቪየት ኅብረት ኤን-1 ሮኬት አሳይቶናል። የመጀመሪያው እርከኑ 30 ሞተሮች ነበሩት። ጊዜና ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ሙሉውን እርከን አስሮ የሚያነድ የምድር ማማ አልተሠራለትም። ሞተሮቹም አንዴ ከተቀጣጠሉ ዳግም የማያገለግሉ ስለነበሩ ከየምርቱ ጥቂት ናሙና ተፈትኖ የቀሩት ሳይነዱ ተገጠሙ። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1969 በተደረገው የመጀመሪያ በረራ ከጅራቱ እሳት ተነሣና 69 ሰከንድ ገደማ ላይ ሞተሮቹ በሙሉ ጠፉ። በዚያው ዓመት ጁላይ 3 የተነሣው ሁለተኛው በማስወንጨፊያው ላይ ተመልሶ ወድቆ ፈነዳ። ሦስተኛውና አራተኛውም አልተሳኩም። አራተኛው በኖቬምበር 1972 እርከኑ ሥራውን ሊጨርስ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት ነው የወደመው፤ የመሐል ሞተሮቹ በዕቅዱ መሠረት ሲዘጉ በቧንቧዎቹ ውስጥ የተፈጠረው ድንገተኛ ግፊት ለውድመቱ በምክንያትነት ይጠቀሳል። አንዱን ሞተር ብቻውን ሺህ ጊዜ ቢያነዱት ይህ ጠባይ አይታይም። 67 ሰከንድና 69 ሰከንድ የሚቀራረቡ ቁጥሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው ግን ማማ ላይ የቆመ፣ ተጠግኖ ዳግም የሚነድ እርከን ትቶ ሲያልፍ፣ ሁለተኛው የተቃጠለ ስብርባሪ ነው የተወው።

በስቴኒስ ሞተሮቹን ያስቆመው የአንዱ ሞተር አቅጣጫ ማዞሪያ የሃይድሮሊክ ንባብ ነበር። ለምድር ሙከራው ሆን ተብሎ ጠበቅ ተደርጎ የተቀመጠውን ገደብ በማለፉ ነው እንጂ በበረራ ላይ ቢሆን ሞተሮቹ አይጠፉም ነበር። ገደቡ ተስተካክሎ ማርች 18 ቀን ዳግም ተነዱ፤ ስምንት ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ገደማ።

መቃወሚያዎቹ ቀላል አይደሉም። ስፔስ ኤክስ ብዙ ሮኬቶችን እየሠራ፣ እያበረረና እያፈነዳ ይማራል፤ ታዲያ ዓመት የሚፈጅ የምድር ሙከራ ለምን? ይህን የሚሉ ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። የዚያው ኩባንያ ሱፐር ሄቪ እርከንም ከመብረሩ በፊት ፌብሩዋሪ 2023 ታስሮ ነድዷል፤ ከ33 ሞተሮቹ 31ዱ ለጥቂት ሰከንዶች በከፊል ኃይል ሠርተዋል። በሙሉ ኃይል ያልተፈተነው የማስወንጨፊያው ኮንክሪት ነበር፤ ኤፕሪል 20 ቀን ሮኬቱ ሲነሣ ተቦርቡሮ የተበተነውም እሱ ነው። እያፈነዱ መማር ርካሽ እርከን በብዛት ለሚያመርት ያዋጣል። በአንድ በረራ አራት ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚወጣበት የናሳ ዋና መርማሪ በ2022 ለተናገረለት ፕሮግራም ግን አያዋጣም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይበልጥ ይከብዳል። ያ ሁሉ ሙከራ ተደርጎም እርከኑ በ2022 ፍሎሪዳ ላይ ሃይድሮጅን እያፈሰሰ አስቸግሯል፤ ሴፕቴምበር 3 ቀን በረራው የተሰረዘው በዚሁ ነው። ግን ያፈሰሰው ከማስወንጨፊያው መድረክ የሚመጣው የነዳጅ መስመር ከእርከኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነበር፤ ስቴኒስ ደግሞ ያንን መድረክ አልነበራትም። ሙከራው በሸፈነው ቦታ እርከኑ ኖቬምበር 16 ቀን ያለ እንከን ተነሣ፤ ችግሩ የመጣው ሙከራው ካልደረሰበት ነው። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። በጁላይ 2024 ከሚሹድ ወጥቶ ፍሎሪዳ የደረሰው ሁለተኛው ዋና እርከን በቢ-2 ማማ አላለፈም፤ ንድፉ አንድ ነው፣ የመጀመሪያው አስመስክሮለታል ተብሎ። አመክንዮው ይገባኛል፤ ሙሉ ሙከራ እርከንንም ያደክማል። ሆኖም በምርት ላይ የሚደረግ ትንሽ ለውጥ ምን እንደሚያስከትል ያቺ ፒን አሳይታለች፤ የሁለተኛው እርከን አራት ሞተሮች ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው እንዲነዱ ታቅዶ የነበረው አራት ሰዎች አናቱ ላይ ተቀምጠው ነው።