ጉንዳን ከምስጥ ጋር ያለው ሒሳብ

ምስጥና ጉንዳን ዘመዳሞች አይደሉም፤ ምስጥ የበረሮ ወገን ነው፣ ጉንዳን ደግሞ የንብና የተርብ። ጉንዳን ምስጥ እንደሚበላ ብዙ ሰው ያውቃል። ስህተቱ ከዚያ ይጀምራል፦ ጉንዳን ባለበት ምስጥ ከነዘሩ ይጠፋል ብሎ ይጠብቃል፣ ሳይጠፋ ሲቀር ደግሞ የማይረባ ብሎ በጉንዳኑ ላይ መርዝ ይረጫል። የአደኑን ሥርዓት ያየ ግን መጀመሪያውኑ እንዲህ አይጠብቅም። ከሰሃራ በስተደቡብ የሚኖረው ማታቤሌ የተባለው ጉንዳን ቀለቡ ምስጥ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ቃኚው ምስጥ ሲያገኝ ወደ ጎሬው ተመልሶ ከ200 እስከ 600 የሚደርሱ አዳኞችን በሰልፍ ይመራል። የሚዘምቱት የምስጥ ንግሥት ወዳለችበት ኩይሳ አይደለም፤ ምስጡ ምግብ ወደሚለቅምበት ስፍራ ነው። ትልልቆቹ ምስጡ የተከለለበትን የአፈር ሽፋን ይሰብራሉ፣ ትንንሾቹ ገብተው ያወጡታል።

ዘመቻው ያለ ጉዳት አያልፍም፤ የምስጥ ወታደሮች እግር ይቆርጣሉ። ተመራማሪው ኤሪክ ፍራንክና ባልደረቦቹ በኮትዲቯር ኮሞዬ ብሔራዊ ፓርክ ያጠኑትን በ2017 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሲያወጡ፣ የቆሰለው ጉንዳን ከመንጋጋው እጢ ሽታ እንደሚለቅና ጓዶቹ ተሸክመው እንደሚመልሱት አሳዩ። በኋላ ደግሞ ጎሬ ውስጥ ቁስሉን እንደሚልሱለት ታወቀ፦ ለብቻቸው ከተተዉት ቁስለኞች 80 በመቶ ያህሉ በአንድ ቀን ውስጥ ሲሞቱ፣ ከታከሙት የሞቱት 10 በመቶ ገደማ ነበሩ። ይህን ርኅራኄ የሚሉ አሉ። ርኅራኄ ከሆነ ታዲያ አብዛኞቹ እግሮቹ የተቆረጡበት ጉንዳን ለምን እዚያው ተጥሎ ይቀራል? ነገሩ ሒሳብ ነው፦ መንጋው ከ1 ሺህ እስከ 2 ሺህ ገደማ ብቻ ነው፣ አዲስ የሚወለደውም ጥቂት፤ ነገ የሚዘምት አዳኝ ሊባክን አይገባም። በየቀኑ ደጋግሞ የሚያድን መንጋ የሚኖረው ምስጡም በየቀኑ ሲገኝ ነው፤ ስለዚህ ምስጡን ይቀንሳል እንጂ ከሥሩ አይነቅልም።

ታዲያ ለገበሬው ምን ይረባዋል? በቆሎውን የሚቆርጠው ኩይሳው ውስጥ የተቀመጠችው የምስጥ ንግሥት አይደለችም፤ ምግብ ፍለጋ የወጣው ሠራተኛ ነው፣ ጉንዳንም የሚይዘው እሱኑ ነው። በኡጋንዳ የበቆሎ ማሳዎች የዓሣ ዱቄት ሲነሰነስ፣ ከማታቤሌ ሌላ የሆኑ አዳኝ ጉንዳኖች በዝተው የምስጥ ጉዳት ቀንሷል። ኩይሳን ከነንግሥቲቱ ማንሳት ሌላ ሥራ ነው፣ ከጉንዳንም አይጠበቅም። መርዙን ማሳው ላይ በጅምላ የሚረጭ ሰው ግን ንግሥቲቱን ከምድር በታች በሰላም ትቶ፣ ከላይ ልጆቿን የሚለቅመውን አዳኝ ይገድላል።